አምስት ቀን ተጫውተው አቻ ወጡ

ዱባይ አል ቁዝ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ህንዶች፣ ፓኪስታኖችና ባንግላዴሾች ናቸው። ጃንዋሪ 11 ቀን 2021 ረፋድ ላይ አንዱ ህንዳዊ የሃይደራባድ ልጅ ፎርክሊፍቱን መሀል መተላለፊያ ላይ ገትሮ ወረደና መጨፈር ጀመረ። ሌሎቹም ከየመደርደሪያው ሥር እየወጡ ተቃቀፉ።

"በክሪኬቱ ማን አሸነፈ?" አልኩት።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ያስጨፍርሃል?"

"አቻ ወጣን፣ ባይ! አቻ!"

(ባይ ማለት ወንድሜ እንደማለት ነው። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።)

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ዘጠና ደቂቃ ተጫውቶ አቻ መውጣት ራሱ ሳምንቴን ያበላሽብኛል። አምስት ቀን ሙሉ ተጫውቶ አቻ ወጥቶ መጨፈር ጤና አልመሰለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ልጁ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ጨዋታው ሲድኒ ላይ ነው። ህንድ አውስትራሊያን ለማሸነፍ 407 ነጥብ ያስፈልጋታል። ሪሻብ ፓንት የሚባለው ጉደኛ 97 ነጥብ ላይ እስኪወጣ ድረስ ተስፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓቱ እስኪያልቅ መቆየት። ሃኑማ ቪሃሪ የጭኑ ጡንቻ ተሰንጥቆ መሮጥ አይችልም። ራቪቻንድራን አሽዊን ወገቡን አሞት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶታል። ቀጥሎ የሚገባው ራቪንድራ ጃዴጃ አውራ ጣቱ ወልቆ ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱ ጉዳተኞች ከሦስት ሰዓት በላይ ቆመው የመጣውን ኳስ ሁሉ መለሱ። ከ250 ኳስ በላይ። ቪሃሪ 161 ኳስ ተጋፍጦ ያገኘው 23 ነጥብ ነው። ነጥቡ ግድም አልሰጠው። አውስትራሊያ ልታስወጣቸው አልቻለችም፤ ሰዓቱ አለቀ።

ያን ቀን ነው ቴስት ክሪኬት የገባኝ። ማለቴ ትንሽ የገባኝ።

ለማያውቀው ሰው ሳስረዳ ከገና ነው የምጀምረው። ገና ሩርና ዱላ ነው አይደል? እዚህም ኳስና ዱላ ነው። ልዩነቱ ክሪኬት ላይ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ነው የሚመቱት። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል። ኳሱ እንጨቱን ካፈረሰው፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፣ ይወጣል፤ ዊኬት ወደቀ ይባላል። አሥር ሰው ሲወጣ ተራው ለሌላው ይለቀቃል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ነው። ቴስት የሚባለው ረጅሙ ዓይነት ነው፦ አምስት ቀን፣ በቀን ወደ 90 ኦቨር፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል። ለማሸነፍ አብዛኛውን ጊዜ ተጋጣሚህን ሁለቴ ጠርገህ ማስወጣት አለብህ። ካልቻልክና አምስተኛው ቀን ከመሸ፣ ምንም ያህል በነጥብ ብትበልጥ አላሸነፍክም። አቻ የምለው ቃል ቸግሮኝ ነው። ነጥባቸው እኩል ነው ማለት አይደለም። ሰዓቱ ቀደማቸው ማለት ነው።

በመሀል ለምሳና ለሻይ ይወጣሉ። እውነቴን ነው። በ2025 ኅዳር ህንድ ጓሃቲ ላይ ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ ሻዩን ከምሳ በፊት አድርገውት ነበር። የዚያን ሰሞን የክሪኬት ዓለም ከጨዋታው እኩል ስለ ሻዩ አወራ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። "ቴስት እየሞተ ነው" የሚለውን ነገር መጋዘኑ ውስጥ በሳምንት አንዴ እሰማው ነበር። ግን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው በሥራ ሰዓት ተደብቀው ነጥብ ያያሉ። የሚሞት ነገር እንዲህ አይታይም። እኔ ስከታተለው ያየሁት ሌላ ነው። ጨዋታው እንደ ጨዋታ ከምንጊዜውም በላይ ደምቋል። የጠፋው ለአምስቱ ቀን የሚከፍል ሰው ነው።

መጀመሪያ ድምቀቱን ላሳያችሁ፤ ያለሱ ጭቅጭቁ አይገባም።

መሐመድ ሲራጅን እንያዝ። የሃይደራባድ ልጅ ነው፤ አባቱ ባጃጅ ነጂ ነበሩ። በ2020 መጨረሻ ቡድኑ አውስትራሊያ ለይቶ ማቆያ ውስጥ እያለ አባቱ አረፉ። ሂድ ቅበር ሲሉት ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት የተጫወተው በዚያው ጉዞ ነው። ሲድኒ ላይ ተመልካቾች ሰደቡት፤ ስድስት ሰዎች ከስታዲየም ተባረሩ። ከቪሃሪና ከአሽዊን አቻ ቀጥሎ ብሪዝበን ላይ አምስት ዊኬት ጣለ፤ ህንድም አውስትራሊያ ከ1988 ጀምሮ ያልተሸነፈችበትን ጋባ የሚባለውን ሜዳ ደፈረች። የኔው ሃይደራባዴ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ስለ ሲራጅ አባት ሲያወራ ስለራሱ አጎት የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ከዚያ 2025 ክረምት። ህንድ እንግሊዝ አገር ሄዳ አምስት ቴስት ተጫወተች፤ አምስቱም እስከ አምስተኛው ቀን ደረሱ። ሎርድስ በሚባለው የለንደን ሜዳ ላይ ህንድ ልታሸንፍ 23 ነጥብ ሲቀራት የመጨረሻው መቺ ሲራጅ ኳሱን በደንብ መለሰው። ኳሱ ግን መሬት ላይ ተንከባሎ፣ በዝግታ፣ ሄዶ እንጨቱን ነካው። አለቀ። ሲራጅ ተቀመጠ። ማንቸስተር ላይ ደግሞ የእንግሊዙ አምበል ቤን ስቶክስ አቻ መሆኑ ስለታወቀ እንጨባበጥና እንውጣ ሲል፣ ጃዴጃና ዋሽንግተን ሱንዳር እምቢ አሉ። እያንዳንዳቸው መቶ ነጥብ ሊደፍኑ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ደፈኑት። ደጋፊው ስለዚህ እጅ መጨባበጥ ሳምንት ሙሉ ተነታረከ፤ የኔም መጋዘን ለሁለት ተከፈለ።

የመጨረሻው ኦቫል በሚባለው ሌላ የለንደን ሜዳ ላይ ነው፤ ኦገስት 4፣ ሰኞ። እንግሊዝ ልታሸንፍ 35 ነጥብ ብቻ ቀርቷታል፤ ያልወጡ አራት ዊኬቶች አሏት። ሲራጅ በዋዜማው የእንግሊዙን መቺ የሃሪ ብሩክን ኳስ ቀልቦ ሳለ እግሩ ወሰኑን ረግጦ አበላሽቶት ነበር። ብሩክ ያኔ 19 ላይ ነበረ፤ እስከ 111 ደረሰ። ሲራጅ ጠዋት ተነስቶ የክርስቲያኖ ሮናልዶን "እመን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ የስልኩ ገጽ ላይ እንዳደረገው በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ለንደን ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን ዱባይ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በክረምት እዚያ ውጭ የሚሠራ ሰው ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በሕግ ያርፋል፤ ሙቀቱ ይገድላላ። ጫኝና አውራጁ ሁሉ ውስጥ ገብቶ አንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩሏል። እኔም ካርቶን ላይ ቁጭ ብያለሁ። ዊኬት ወደቀ። ሌላ ወደቀ። አዲስ ኳስ መውሰድ ይችሉ ነበር፤ ህንዶች አሮጌውን ያዙት፤ አየር ላይ ይታጠፍላቸው ነበርና። ዘጠነኛው ሲወጣ እንግሊዝ 17 ነጥብ ይቀራታል። ክሪስ ዎክስ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ትከሻው ወልቋል። ግራ እጁ ከሹራቡ ሥር በፋሻ ታስሯል፤ ዱላውን በአንድ እጁ ይዟል። ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለለት። አንድም ኳስ አልተወረወረበትም፤ ጓደኛው ጋስ አትኪንሰን ሁሉንም ኳስ ራሱ እንዲቀበል እየተሯሯጡ ነው። ዎክስ በሮጠ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል። ጎኔ የተቀመጡት የላሆሩ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ቻቻ የምንላቸው፣ "ያ አላህ" እያሉ ፊታቸውን በፎጣ ሸፈኑ። ህንድ ብትሸነፍ ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው።

ሰባት ነጥብ ሲቀር ሲራጅ የአትኪንሰንን እንጨት ነቀለው። ህንድ በ6 ነጥብ አሸነፈች፤ ውድድሩ 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። ሲራጅ በአምስቱ ጨዋታ 185 ኦቨር ከ3 ኳስ ወርውሮ 23 ዊኬት ጥሏል፤ ከሁሉም በላይ። ሰዓቱ 9 ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር። ሃይደራባዴ አልጨፈረም፤ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ አለቃው መጣና ሁላችንም ወደ ሥራ።

ይኼን በሦስት ሰዓት ጨዋታ አታገኘውም። ከሎርድስ እስከ ኦቫል ሦስት ሳምንት ነው፤ ከአባቱ ሞት ከቆጠርነው ደግሞ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ደጋፊዎቹ ስለ ትናንቱና ስለ ነገው ቴስት መጨቃጨቅ የማይሰለቻቸው ለዚህ ይመስለኛል። መጋዘኑ ውስጥ የ2001 የኮልካታ ጨዋታ ትናንት ያለፈ ያህል ነው የሚወራው። አውስትራሊያ 16 ቴስት በተከታታይ አሸንፋ መጥታ፣ ህንድን ሁለተኛ ተራዋን ወዲያው ደግማ እንድትመታ አስገድዳ ከረገጠች በኋላ፣ የህንዶቹ ላክስማን 281፣ ድራቪድ 180 መትተው ገለበጡት። ቻቻ ይህን ሲሰሙ የ1999ን ቼናይ ያመጣሉ። ፓኪስታን በ12 ነጥብ አሸንፋ፣ የቼናይ ሕዝብ የራሱ ቡድን ተሸንፎበት ለፓኪስታኖቹ ተነስቶ አጨበጨበ። ቻቻ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይለወጣል። ህንድና ፓኪስታን ለመጨረሻ ጊዜ ቴስት የተጫወቱት በ2007 ነው። አንድ ማድ የሚቀርቡ፣ አንድ ክፍል የሚያድሩ ወጣቶች የሁለቱን አገር ቴስት በዓይናቸው አይተው አያውቁም። የሚጨቃጨቁት ከሽማግሌ በሰሙት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ፍቅር ካለ ችግሩ ምንድነው?

እኛ ይህን ችግር ከሌላ በር እናውቀዋለን። በ2019 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ በዳይመንድ ሊግ ረጅሙ ሩጫ 3 ሺህ ሜትር ይሆናል ብሎ አስታውቆ ነበር። 5 ሺህ ወጣ። የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ 90 ደቂቃ ነው፤ ረጅም ሩጫ አይገባበትም ተባለ። ያኔ አገር ምን ያህል እንደተቆጣ ታስታውሳላችሁ። ለኛ የመጨረሻው ዙር ትርጉም የሚኖረው ከሱ በፊት አሥራ ምናምን ዙር ስላለ ነው። ቴስት ላይ የሚባለውም ቃል በቃል ይኼው ነው፦ ረዘመ፣ ተመልካች የለም፣ ማስታወቂያ አይገባም።

ክሪኬት ውስጥ አጭሩ ዓይነት ሃያ ሃያ ኦቨር ነው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። የህንዱ ሊግ አይፒኤል በ2008 ሲጀመር የቀለደ ብዙ ነበር። ከ2023 እስከ 2027 ያለው የስርጭት መብቱ 6 ቢሊዮን ዶላር በሚያልፍ ዋጋ ተሸጧል። ያ 97 ላይ የወጣው ፓንት በ2024 ጨረታ 27 ክሮር ሩፒ፣ ማለት 270 ሚሊዮን ሩፒ አውጥቷል። ለሁለት ወር ሥራ። ከአይፒኤል በኋላ ደቡብ አፍሪካም፣ ኤምሬትስም፣ ካሪቢያንም የየራሳቸውን ሊግ ከፈቱ። የቀን መቁጠሪያው ግን 365 ቀን እንደሆነ ቀረ።

ዓለም አቀፉ ምክር ቤት፣ አይሲሲ፣ ገንዘብ ያከፋፍላል፤ ቢሮው ከ2005 ጀምሮ እዚያው ዱባይ ነው። ከ2024 እስከ 2027 ባለው ክፍፍል ህንድ 38.5 በመቶ ገደማ ትወስዳለች። እንግሊዝና አውስትራሊያ ተከታይ ሆነው እያንዳንዳቸው ከ7 በመቶ በታች ነው ያላቸው። ከነሱ በታች ያለው ምን እንደሚደርሰው አስቡት። ህንዶች "ገንዘቡን የምናመጣው እኛ ነን" ይላሉ፤ ውሸት አይደለም። ሃይደራባዴም ይህን ሲል አይኑን አያሽም። ቻቻ ግን መልስ አላቸው፦ "ሠርጉ ያንተ ይሁን፣ ግን ተጋባዥ ከሌለ ከማን ጋር ትጨፍራለህ?"

ከሦስቱ ውጭ ላለው አገር ቴስት ማዘጋጀት ኪሳራ ነው። አምስት ቀን ሜዳ፣ ጥበቃ፣ ካሜራ፣ ሆቴል። አየርላንድ በ2017 ከአፍጋኒስታን ጋር የቴስት አገር ተብላ 12 አገሮች ሞሉ። ነገር ግን ቋሚ ስታዲየም ስለሌላት በየጨዋታው ወንበርና ድንኳን ትከራያለች፤ በ2025 ከአፍጋኒስታን ጋር የያዘችውን የሜዳዋን ቴስት በገንዘብ ምክንያት ሰረዘች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2024፣ በታሪኳ የመጀመሪያውን የቴስት ድል ያገኘችው አፍጋኒስታንን አሸንፋ ነው፤ የት? አቡ ዳቢ። አስተናጋጇ አፍጋኒስታን ነበረች፤ እሷም አገሯ ላይ መጫወት ስለማትችል።

የደቡብ አፍሪካ ግን ይብሳል። በ2024 መጀመሪያ ዋናዎቹ ተጫዋቾቿ ለአገር ውስጡ አጭር ሊግ ታስረው፣ ወደ ኒውዚላንድ የላከችው ቡድን አንድም ቴስት ያልተጫወቱ ሰባት ልጆች ነበሩበት፤ አምበሉን ኒል ብራንድን ጨምሮ። ተሸነፉ። ኒውዚላንድ ደቡብ አፍሪካን በቴስት ውድድር ስታሸንፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉም ሰው "አበቃላቸው" አለ። በዓመት ከምናምን፣ ጁን 2025፣ ያችው ደቡብ አፍሪካ ሎርድስ ላይ አውስትራሊያን አሸንፋ የዓለም ቴስት ሻምፒዮን ሆነች። 282 ነጥብ ማሳደድ ነበረባት። ኤይደን ማርክራም 136 መታ። አምበሉ ቴምባ ባቩማ፣ ኬፕታውን ላንጋ ሰፈር ያደገው አጭሩ ልጅ፣ ጭኑ ታሞ እያነከሰ 66 አስገባ። ለአገሪቱ ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ ነው።

ታዲያ ሻምፒዮኗ ቀጣዩን ወቅት አገሯ ላይ ስንት ቴስት ተጫወተች? ዜሮ። የ2027ን የዓለም ዋንጫ ስለምታስተናግድ ስታዲየም እያደሰች ነው ተባለ። ዋንጫውን ይዛ ሰው ቤት ዞረች። ህንድ ሄዳ 2 ለ 0 ረታች፤ ጓሃቲ ላይ በ408 ነጥብ። ህንድ በነጥብ እንዲህ ተሸንፋ አታውቅም። ሃይደራባዴ ያን ሰሞን ስልክ አያነሳም ነበር።

አሁን ሦስተኛው ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ የገረመኝ። ገንዘብ ያላቸውም አምስቱን ቀን ማቆየት እያቃታቸው ነው።

በዚያው በ2025 ኅዳር ላይ እንግሊዝ አውስትራሊያ ሄደች። ይህ ፉክክር አሽስ ይባላል፤ በሁለቱ አገር ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ የለም። የፐርዝ ጨዋታ በመጀመሪያው ቀን 19 ዊኬት ወደቀ። በሁለተኛው ቀን የአውስትራሊያው ትራቪስ ሄድ በ83 ኳስ 123 መትቶ ጨረሰው። ሁለት ቀን። "እሺ፣ አንዴ ነው" ተባለ። ታኅሣሥ 17፣ ማለት የፈረንጆች ገና ማግስት፣ ሜልቦርን ላይ ከ94 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ሃያ ዊኬት ወደቀ በአንድ ቀን! በማግስቱ እንግሊዝ አሸነፈች፤ አውስትራሊያ ምድር ላይ ከ2011 ወዲህ የመጀመሪያ ድሏ። ግን ደስታው ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ የሦስተኛውን ቀን ቲኬት የገዛው ሰው ገንዘቡ ተመለሰለት። የአውስትራሊያ ክሪኬት ሚሊዮኖች ዶላር ከሰረ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቶድ ግሪንበርግ አጭር ቴስት ለንግድ አይበጅም ብለው በግልጽ ተናገሩ።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ሣር። ክሪኬት ውስጥ መሀሉ ላይ ያለችው 20 ሜትር ገደማ የምትረዝም መስመር፣ ፒች፣ ራሷ እንደ ተጫዋች ናት። በመጀመሪያው ቀን እርጥበትና ሣር ይኖራታል፤ ኳሱ ይፈናጠራል፤ ፈጣን ወርዋሪ ይጠቀማል። ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ትደርቅና ለመቺ ትመቻለች። አራተኛና አምስተኛው ቀን ትሰነጠቃለች፤ የወርዋሪዎች እግር የቆፈረው ጉድጓድ ላይ ኳስ እያሽከረከሩ የሚጥሉት ሰዎች ይነግሣሉ። አምስት ቀን ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ዓይነት ተጫዋች ተራ እንዲደርሰው። ሜልቦርን ላይ ሣሩን 10 ሚሊሜትር ተዉት። ያለፈው ዓመት 7 ነበር። ሦስት ሚሊሜትር፣ የጤፍ ፍሬ ብትደረድሩ ምን ያህል ናት? በ7ቱ ሚሊሜትር፣ በ2024፣ አውስትራሊያና ህንድ እዚያው ሜዳ ላይ እስከ አምስተኛው ቀን የመጨረሻ ሰዓታት ተፋልመው 373,691 ሰው ገብቶ ነበር። በ10ሩ ሁለት ቀን። የሜዳው ባለሙያ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ይኸው ሜዳ በ2017 በተቃራኒው ዊኬት አልወድቅ ብሎበት፣ ድርቅ ያለ አቻ ወጥቶበት፣ "ደካማ" የሚል ውጤት ተሰጥቶት ነበር። አቻም ዓይነት አለው። የሲድኒው ዓይነት አለ፤ እንቅልፍ የሚያስወስድም አለ።

መፍትሔ ብለው የሚያመጡት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለትናንሾቹ አገሮች አራት ቀን ይበቃል የሚለው ነው። ወጪ ይቆጥባል፤ አልቃወምም፣ ከመሰረዝ ይሻላል። እንግሊዝና ዚምባብዌ በ2025 አራት ቀን ቀጥረው በሦስት ቀን ጨርሰዋል። ሁለተኛው አሥራ ሁለቱን አገሮች በሁለት ምድብ መክፈል ነው፤ ኃያላኑ ላይኛው ምድብ እርስ በርሳቸው ይጫወቱ፣ ሌላው ታች ይውረድ። ይህ ሲነሳ የእንግሊዝ ክሪኬት ሊቀመንበር ሪቻርድ ቶምፕሰን ያሉት ነገር አስቆኛል። እንግሊዝ አንድ መጥፎ ዘመን ገጥሟት ብትወርድ ከአውስትራሊያና ከህንድ ጋር አትጫወትም ማለት ነው? ያ ሊሆን አይችልም አሉ። ልክ ናቸው። ለነሱ ሊሆን የማይችለው ለዌስት ኢንዲስ፣ ለካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን፣ ግን እንዴት ይሆናል?

የነሱን ነገር ላንሳና ልጨርስ፤ የሁለት ምድብ ሐሳብ ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት እነሱን ነውና። ጁላይ 2025 ጃማይካ ላይ ዌስት ኢንዲስ በአውስትራሊያ 27 ነጥብ ላይ ተጠርጋ ወጣች። ሃያ ሰባት! በቴስት ታሪክ ከዚህ ያነሰ አንድ ብቻ አለ፤ ኒውዚላንድ በ1955 ያገኘችው 26። 14 ኦቨር ከ3 ኳስ ነው የቆሙት። ሚቸል ስታርክ አምስቱን በ15 ኳስ ጣላቸው። "እነዚህን ከኃያላኑ ጋር ማጫወት ግፍ ነው" ተባለ። ግን ከዚያ ዓመት ተኩል በፊት ይኸው ቡድን ጋባ ላይ አውስትራሊያን በ8 ነጥብ አሸንፎ ነበር። ያሸነፈላቸው ሻማር ጆሴፍ ነው፤ ጉያና ውስጥ ባራካራ ከምትባል በወንዝ ብቻ የሚገባባት መንደር የመጣ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ የጥበቃ ሠራተኛ የነበረ ልጅ። የስታርክ ኳስ የእግር ጣቱን መትቶት ቡድኑ ደግፎ ነበር ያስወጣው። በማግስቱ ተመልሶ 7 ዊኬት ጣለ።

ከሃያ ሰባቱ በኋላስ? አምስት ወር ቆይቶ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ክራይስትቸርች። ኒውዚላንድ 531 ነጥብ ከፊታቸው ቆለለች። ሁለት ቀን ገደማ ይቀራል። ሁሉም ሰው ሻንጣቸውን አስቦላቸዋል። ጀስቲን ግሪቭስ የሚባለው ገባና 388 ኳስ ተጋፈጠ። 202 መታ፤ አልወጣም። ከጎኑ የቆመው ኬማር ሮች ነው፤ የ37 ዓመት ወርዋሪ እንጂ መቺ እንኳ አይደለም፤ 233 ኳስ መለሰ። አሥራ አምስት ኦቨር መቆም ያቃተው ቡድን 163 ኦቨር ከ3 ኳስ ቆመ። 457 ነጥብ፣ ስድስት ሰው ብቻ ወጥቶ። መሸ።

አቻ።

ያን ቀን እኔ ዱባይን ለቅቄ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ሃይደራባዴ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። የራሱ ቡድን አይደለም፤ ጨዋታውም ከህንድ ጋር አይደለም። "ባይ፣ አየህ? ማንም አላሸነፈም!" ይላል፣ ከኋላው ፎርክሊፍት ይንጫጫል።

ከፊታችን ብዙ አለ። በ2027 መጀመሪያ አውስትራሊያ ህንድ ሄዳ አምስት ቴስት ትጫወታለች፤ ሃይደራባዴ ከአሁኑ የዓመት ፈቃዱን እያስላ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሰዎችም በ2026-27 ወቅት ሻምፒዮናቸውን አገራቸው ላይ ያያሉ፤ አውስትራሊያም እንግሊዝም ይመጡላቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚወራው ግን የማርች 2027ቱ ነው። የመጀመሪያው ቴስት ሜልቦርን ላይ ከተካሄደ 150 ዓመት ይሞላዋል፤ እንግሊዝና አውስትራሊያ እዚያው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፣ በመብራት፣ በሮዝ ኳስ። እዚያ ፉትስክሬይ አካባቢ ብዙ አበሾች አሉ፤ የባቡር ቲኬት ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ቀናሁባቸው።

በ1877 የመጀመሪያውን አውስትራሊያ በ45 ነጥብ አሸነፈች። በ1977 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብሩ እዚያው ሜዳ ላይ ተጫወቱ፤ አውስትራሊያ አሸነፈች፣ በ45 ነጥብ። ሐቅ ነው። መጋዘን ውስጥ ያሉት ልጆች በዋትሳፕ ውርርድ ከፍተዋል። ቻቻ በ45 ብለዋል። ሃይደራባዴ፣ ሣሩን ካልቀነሱት፣ በሁለት ቀን ብሏል። እኔን ሲጠይቁኝ አቻ አልኩ፤ የአርሰናል ደጋፊነቴን ስለሚያውቁ ደጋግመው ጠየቁኝ።

አቻ ነው ያልኩት።